ፎርማጆ የማይቀርብበት ገበታ

አራዳ፣ መጋቢት 24 ቀን

ለሚዜዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ብርድ ሲገባ የሚነሳብሽ ሳይነስ ተሻለሽ? ድምፅሽስ? በቴሌቪዥን ሳይሽ ትንሽ የሻከረ መስሎኝ ነበር፤ ብዙ ሲያወሩ መቼም ይሻክራል። እኔ አምላክ የተመሰገነ ይሁን፣ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴን ምን እንዳገኘው ወደ ኋላ እነግርሻለሁ፤ አንቺም አለሽበት።

ስልክሽን ስላላነሳሁ፣ ባለፈው ሳምንትም ሁለት ጊዜ መጥተሽ ብታንኳኪ ስላልከፈትኩ፣ ሞታለች ወይም አገር ለቃለች ብለሽ እንዳታስቢ። ቤት ነበርኩ። ሁለቱንም ጊዜ ከበሩ ሦስት እርምጃ ርቄ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነጭ ሽንኩርት እልጥ ነበር። እንዳለሁ እንደምታውቂ፣ ሽንኩርቱ እስከ ደረጃው ድረስ እንደሚሸት ስትናገሪ ሰምቻለሁ። ልክ ነሽ። ግን በአፍ ብንነጋገር ታሸንፊኛለሽ፤ አንደበትሽ ከልጅነትሽ ጀምሮ ቅቤ ነው። በወረቀት ሲሆን መሐል ገብተሽ አታቋርጪኝም። ስለዚህ አረፍ ብለሽ አንብቢ። የማታውቂውን አልጽፍልሽም፤ የረሳሽውን እንጂ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለ።

ከእማማ ደብሪቱ ልጀምር፤ አንቺ ዛሬ በየመድረኩ “አያቴ” ከምትያቸው ሴት።

እማማ ደብሪቱ “አባትዎ ጣሊያን ናቸው አሉ” ሲባሉ ፊታቸው ይቀየር ነበር። ሲሲሊያዊ ነው ብለው ያርማሉ፤ እኛ የአዲስ አበባ ልጅ ስንባል የአራዳ ብለን እንደምናርመው ማለት ነው። አባታቸው መካኒክ ሆኖ መጥቶ፣ ጦርነቱ ሲያልቅ አገሩ ሳይመለስ፣ እዚሁ ፒያሳ መኪና ሲፈታና ሲገጥም ኖሮ የሞተ ሰው ነው። ለልጁ ሀብት አልተወላትም። የተወላት የደሴቱን ቋንቋ ከነስድቡ፣ ከዚያም የቅዱስ ዮሴፍን ገበታ ነው።

ገበታው በዓመት አንድ ቀን፣ መጋቢት ዐሥር ይዘረጋል። ምንጊዜም ሁዳዴ ውስጥ ነው የሚውለው። የኛ ቤት ኦርቶዶክስ፣ የናንተ ጴንጤ፣ የሳቸው ካቶሊክ፤ ያን ቀን ግን ግቢው ሁሉ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። ትዝ ይልሽ የለም? ባቄላው ተከክቶ ከእንስላል ጋር ከንጋት ጀምሮ ይፈላል፤ ጎረቤቱ “የፈረንጅ ስልጆ” ይለዋል። ብርቱካኑ በስሱ ተቆርጦ ከቀይ ሽንኩርትና ከዘይት ጋር ይለወሳል፤ አንቺ መጀመሪያ ያየሽው ቀን ብርቱካንና ሽንኩርት ምን አገናኛቸው ብለሽ አፍንጫሽን ነፍተሽ፣ ኋላ ሦስት ሳህን ጨረስሽ። ከቦምቦሊኖ ያነሰች ማር የጠጣች ጥብስ ሊጥም ነበረች፤ ከኪስሽ ስትወጣ ይዤሻለሁ። ጋሽ አርአያ አናጢው መጋዛቸውንና መዶሻቸውን ያውሱናል፤ እኛ እነሱን እያየን ዳቦውን በመጋዝና በመዶሻ ቅርፅ እንጋግራለን። የጋገርነው መጋዝ አንድ ዓመት ተጣምሞ ወጥቶ ጋሽ አርአያ በዚህ እንኳን እንጨት ቅቤም አይቆረጥም ብለው ያሳቁን ትዝ ይለኛል።

ዋናው ግን ፓስታው ነው። ሰርዲን፣ እንስላል፣ ዘቢብ። ለኛ ለጾመኞቹ ሰርዲኑ ይቀርና ሌላው ሁሉ ይገባል፤ እማማ ደብሪቱ ስሙን “ሰርዲኑ ባሕር ውስጥ የቀረ” ይሉት ነበር፤ በአባታቸው አገርም እንዲሁ ይባላል አሉ። ከላዩ ተጠብሶ የደቀቀ ዳቦ ይነሰነስበታል። የፈረንጁ አይብ፣ ፎርማጆ፣ ግን በዚያን ቀን ለጾመኛም ላልጾመም፣ ለጳጳስም ቢሆን አይቀርብም። ዮሴፍ አናጢ ነው፣ ደሃ ነው፤ ፎርማጆ ከየት ያመጣል? በጁ ያለው ሰጋቱራ ነው። ያ ዳቦ ሰጋቱራው ነው። እኔ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ ይህን ጓዳ ሆኜ እሰማ ነበር። አንቺ እንግዳ ሆነሽ ትበዪ ነበር። ይህን ልዩነት ያዢልኝ።

ሌላው ደንብ የበሩ ነው። ማንም ከመቅመሱ በፊት ሦስት እንግዶች፣ ሽማግሌ፣ ሴትና ሕፃን፣ ዮሴፍን፣ ማርያምንና ኢየሱስን ሆነው ያንኳኳሉ። ማነው ይባላሉ። ስማቸውን ይናገራሉ። ምን ትፈልጋላችሁ ይባላሉ፤ ምግብና ማረፊያ ይላሉ። ቦታ የለም፣ ሌላ በር ሞክሩ ይባላሉ። ሁለተኛም እንደዚሁ። በሦስተኛው በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል፣ ባለቤቲቱ እጃቸውን ስማ ታስገባቸዋለች፣ እነሱ ሳይበሉ ማንም አይበላም። ሲያልቅ ለእያንዳንዱ እንግዳ አንድ ደረቅ ባቄላ ይሰጠዋል፤ ቦርሳው ውስጥ ያኖራታል፤ ቤቱ ምግብ አያጣም። እማማ ደብሪቱ በሦስተኛው ያንኳኳውን የከለከለ ሰው ገበታ የለውም ይሉ ነበር። ይህን ስትሰሚ አፍሽ በሊጥ ተሞልቶ ነበር መሰለኝ።

ደግነትሽንም አልክድም። በሠርጌ ቀን ቬሎዬ ተቀዶ በጥርስሽ ክር እየበጠስሽ የሰፋሽልኝ አንቺ ነሽ። ባሌን ስቀብር ክንዴን ይዘሽ የቆምሽው አንቺ ነሽ። ለዚህ ነው ሌላ ሰው ቢያደርገው ረስቼ የምተወውን ካንቺ ያልቻልኩት።

እማማ ደብሪቱ ባረፉ በዓመቱ፣ ሰፈራችን በፈረሰ ሰሞን፣ ከአባታቸው መንደር ጥሪው መጣ። የደብሪቱን ገበታ በእጇ ያቆየችው ሴት መጋቢት ዐሥርን ከኛ ጋር ታብስል የሚል ነበር። እኔ ኢሜይል የለኝም፤ ለሁሉ ነገር ያንቺን አድራሻ ነበር የምሰጠው። አንብበሽልኝ ተቃቅፈን አለቀስን። እኔም ከአባታቸው መቃብር ትንሽ አፈር በጨርቅ ቋጠርኩ፤ ሰውዬው በአፈሩም ቢሆን አገሩ ይግባ ብዬ። ኋላ መጥተሽ ቪዛዬ እንደተከለከለ ነገርሽኝ። አብረሽኝ አዘንሽ። ወዲያው ደግሞ ለሥልጠና ዱባይ ልትሄጂ እንደሆነ ነግረሽኝ ሸኘሁሽ። ሻንጣሽን የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ ዚፑ አልገባ ብሎ ላዩ ላይ ተቀምጬበት።

ዱባይሽ የት እንደሆነች ያወቅኩት ዓመት ቆይቶ ነው። ከእናትሽ ጋር፣ ከእትዬ ዘርፌ ጋር፣ እኔ ዘንድ ምሳ እየበላን ቴሌቪዥኑ ላይ ወጣሽ። “የሲሲሊ ምግብና ባህል ምሽት” አዘጋጅ ተብለሻል። ከኋላሽ ፎቶው ይታያል፤ በመንደሩ ገበታ ራስ ላይ ተቀምጠሻል፣ ፊት ለፊትሽ ትልቅ ዳቦ አለ፣ ዳቦው ላይ የተጋገረው የስሜ መጀመሪያ ፊደል ነው። ያንቺ አይደለም፣ የኔ። ወንበሬ ላይ ተቀምጠሽ ፈገግ ብለሻል። ጋዜጠኛዋ ይህን ሙያ ከየት አገኘሽው ብትልሽ፣ ያሳደገችኝ አያቴ ደብሪቱ ናት፣ ሌላ ቤተሰብም የለኝም አልሽ።

እትዬ ዘርፌ የጎረሱትን አላመው እስኪውጡ ጊዜ ወሰደባቸው። ከዚያ ሳህኑን ገፋ አድርገው እንዲህ አሉ፦ “እኔ አትክልት ተራ ብርቱካን ሸጬ ያሳደግኳት ማንን ኖሯል?”

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስልክሽን አያነሱም። አንቺ ስልካቸው ተበላሽቶ ነው ብለሽ ለሰው እንዳወራሽ ሰማሁ። አዲስ ስልክ ልትገዢላቸው ነበር አሉ፤ ኮንዶሚኒየማቸው ድረስ ሄደሽ ማየቱ ግን ሳይታሰብሽ ቀረ።

እኔ ቂም ያዝኩ። ዘወር አድርጌ አልነግርሽም፣ ያዝኩ። ጧት ፊቴን ስታጠብ አንቺን አስባለሁ፣ ማታ በር ስቆልፍ አንቺን አስባለሁ። ያን ያህል ባሌንም አላሰብኩት።

በየካቲት ራስሽ መጣሽ። ያመጣሽው የፍራፍሬ ቅርጫት ከሁለታችን ይሰፋል። ያኔ ነገሩ አስቸኩሎኝ ነው፣ ያለፈውን እንተወው አልሽኝ። የይቅርታሽ ርዝመት ይኸው ነበር። ቀጥለሽ ከመንደሩ እንግዶች እንደሚመጡ፣ የእማማ ደብሪቱ የአጎት ልጅ ሲኞራ ካርሜላም በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው እንደሚመጡ፣ መጋቢት ዐሥርን ፒያሳ በአንድ ትልቅ አዳራሽ እንደምታከብሪ ነገርሽኝ። ከጓዳ ሆኜ እንዳግዝሽ ለመንሽኝ። ከጓዳ! ጉልበቴን ያመኛል አልኩሽ፤ ያኔ እንኳን ውሸት ነበር። እሺ ይህን ወረቀት ብቻ እይልኝ ብለሽ የምግቡን ዝርዝር ሰጠሽኝ።

አየሁት። እንደ ማንኛውም የአዲስ አበባ ምግብ ቤት ለሁለት ከፍለሽዋል፤ በአንድ ወገን የጾም፣ በአንድ ወገን የፍስክ። በጾሙ በኩል የደቀቀው ዳቦ፣ በፍስኩ በኩል ለፈረንጆቹ ፎርማጆ፣ ከምርጡ፣ በብዛት። ደንቡ የኛ የኦርቶዶክሶች ጾም መስሎሻል። ስለ በሩና ስለ ሦስቱ እንግዶችም አንድ ቃል የለም፤ በምትኩ ቀይ ምንጣፍና የጥሪ ካርድ አለ። አንድ ቃል ብናገር ትድኚ ነበር። ወረቀቱን አጥፌ መለስኩልሽና “ምንም አልጎደለም” አልኩሽ። ግንባሬን ሳምሽኝ።

የማንኳኳቱ ሐሳብ የኔ ነው። ሌላ ሰው አትውቀሺ።

ፀሐይ ልትገባ ስትል ሦስት ሆነን መጣን። ድስቴን በፎጣ ጠቅልዬ ይዣለሁ። መጀመሪያ ሳንኳኳ ዘበኛው ጥሪ አላችሁ ወይ አለን፤ የለንም አልነው፤ ዘጋው። ሁለተኛ ሳንኳኳ የሲሲሊ ሻርፕ ያሰርሽላት አስተናጋጅ ከፍታ እናቶቼ፣ አባቴ፣ ዛሬ ቦታ የለም፣ ሌላ ቀን አለችን። ትሑት ልጅ ናት፣ እሷን አልወቅስም። በዚህ መሐል ውስጥ ምን እየሆነ እንደነበር ኋላ ነው የሰማሁት። ሲኞራ ካርሜላ ፊት የፍስኩ ሳህን ቀርቦ ኖሯል። ፎርማጆውን አይተው ሹካቸውን አስቀምጠው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገዋል። በሩ ሲንኳኳ ግን ቀና አሉ። ሁለተኛው ሲንኳኳ ወንበራቸውን ይዘው ተነሱ። ደንቡ እንዳልተረሳ መስሏቸው ፊታቸው በራ አሉ።

ሦስተኛውን አጥብቄ መታሁት። አንቺ ራስሽ፣ ማይክሮፎኑ በእጅሽ እንዳለ፣ ተናደሽ መጥተሽ ከፈትሽ። ዓይንሽ እኔ ላይ ብቻ ነበር። ከኋላዬ ማን እንዳለ አላየሽም። ያኔ ያልሽውን አዳራሹ በሙሉ በድምፅ ማጉያው ሰማው፦ “በጥሪ ብቻ ነው። ለናንተ ቦታ የለም።”

ሲኞራ ካርሜላ አማርኛ አያውቁም፤ አስተርጓሚም አላስፈለጋቸውም። በምንጣፉ ላይ በከዘራቸው እየተመሩ መጡ፤ አንቺን በጎን አልፈው ደፉ ላይ ቆመው በቋንቋቸው ማነው አሉ። እማማ ደብሪቱ እንዳስተማሩኝ መለስኩ። ምን ትፈልጋላችሁ አሉ። ምግብና ማረፊያ አልኩ። ሠላሳ ዓመት ስሰማው የኖርኩትን ቃል ራሴ ስለው የመጀመሪያዬ ነበር። ጎንበስ ብለው የሦስታችንንም እጅ ሳሙ። ከዚያ የአዳራሹ ደረጃ ላይ ተቀመጡና ድስቱ ይከፈት አሉ። ሰርዲኑ ባሕር ውስጥ የቀረውን ፓስታ፣ ሰጋቱራውን ነስንሼ፣ ዕድሜ ልካቸውን እንደበሉት በሉ። የድሮ ጎረቤቶቻችን አንድ በአንድ እየወጡ ደረጃውን ሞሉት። ሳህን አልበቃም፤ በድስት ክዳን የበላ አለ። ከመቃብሩ የቋጠርኩትን አፈር አወጣሁላቸው፤ ጨርቁን ጉንጫቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። የዛሬ ዓመት መጋቢት ዐሥር መንደራቸው እንደምገኝ አስምለውኛል፤ ጥሪው በጋሽ አርአያ ልጅ አድራሻ ደርሶኛል።

አንቺ ከውስጥ፣ በመስታወቱ በኩል፣ ማይክሮፎኑን ይዘሽ ታይን ነበር። ፊትሽን አየሁት። ልዋሽሽ አልፈልግም፣ ደስ አለኝ። እስከ ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል፤ ያሳነሰው ነገር ቢኖር ኋላ የምነግርሽ ነው።

አሁን ወደ ጉልበቴ። “ምንም አልጎደለም” ብዬ መዋሸቴን ለንስሐ አባቴ ነገርኩ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ብለው ገሠጹኝ፣ ስግደት አዘዙኝ። ሰገድኩ፤ የዋሸሁበት ጉልበት እውነት ታመመ። ስለ በሩ ግን አልነገርኳቸውም። ንስሐ የሚገባው ለሚጸጸቱበት ነገር ነው።

ሦስት ነበርን ብዬሻለሁ። በዚያ ቀን ደንብ እኔ ማርያም ነኝ። ዮሴፍ ጋሽ አርአያ ናቸው፤ እውነተኛ አናጢ። ሦስተኛው ሕፃን መሆን ነበረበት፤ ሕፃን አልወሰድንም። ሦስተኛዋ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው የተከናነቡ አሮጊት ነበሩ። እኔ አልለመንኳቸውም፤ የማስበውን ስነግራቸው እኔም አብሬ ላንኳኳ፣ ትከፍትልኝ እንደሆነ ልየው ያሉት ራሳቸው ናቸው። በሩ ላይ ስትናገሪ ክንዴን ይዘው ነበር፤ ቃልሽ ሲያልቅ ጣታቸው ሥጋዬ ውስጥ ገባ፤ ምልክቱ አሁንም አለ። አንቺ በስልክም፣ በደጅም፣ በሰውም ስለኔ ስትጠይቂ ሰንብተሽ ስለሳቸው አንድ ቀን አልጠየቅሽም። ያቺ አሮጊት ማን ነበሩ አላልሽም። እንግዲህ ላስታውስሽ። የቀኝ እጃቸው ሌባ ጣት አይዘረጋም፤ ሠላሳ ዓመት የብርቱካን ሣጥን ያነሳ እጅ ነው። ሲኞራ ካርሜላ ከሁላችን አስበልጠው ጉንጫቸው ላይ ያቆዩት ያንን እጅ ነው።

ከዚያን ዕለት ጀምሮ እኔ ዘንድ ናቸው። ቤቴ ጠባብ ነው፤ ግን በሩን ታውቂዋለሽ፤ ሰፈራችን ሲፈርስ ጋሽ አርአያ ከፍርስራሹ አውጥተው የገጠሙልኝ የእማማ ደብሪቱ በር ነው። ባለፈው ሳምንት ሁለቱንም ጊዜ ስታንኳኪ ከጎኔ ተቀምጠው ነበር። ማንኳኳትሽን ከልጅነትሽ ያውቁታል፤ ሁለቱ ፈጠን፣ አንዱ ዘግየት። ሊነሱ ሲሉ ክንዳቸውን ይዤ አስቀመጥኳቸው፤ ሁለቱንም ጊዜ። ደስታዬን ያሳነሰው ይኸው ነው። ይህንንም ለንስሐ አባቴ አልነገርኩም፤ ግን ሌላኛውን ያህል አልቀለለኝም።

እንግዲህ ጽፌ ጨረስኩ። ጤና ይስጥሽ። ጉሮሮሽን በዝንጅብል አሙቂው። ለትንሣኤው በሰላም ያድርስሽ፤ የምትበይውን አያሳጣሽ፣ አብሮሽ የሚበላውንም አያሳጣሽ። ደብዳቤውን ጋሽ አርአያ በእጅሽ ያደርሱልሻል።

የያኔዋ ሙሽራሽ

ፖስታውን ላሽግ ስል ውስጡ አንዲት ደረቅ ባቄላ አገኘሁ። እኔ አልጨመርኳትም። ላወጣት ነበር፤ ተውኳት። ሦስተኛ ከመጣሽ እኔ ከወንበሬ አልነሳም። የሚነሳ ሰው ክንድ ግን ከእንግዲህ አልይዝም።